ከሸማ ቁራኛ እስከ ቁልፍ ሰሌዳ

በቀድሞው የኢትዮጵያ ሙግት የተከራካሪ ዋና መሣሪያ አንደበት ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ የሸማቸው ጫፍ ተቋጥሮ፣ ቁራኛ በሚባለው ሥርዓት ከዳኛ ፊት ይቀርባሉ፤ ክርክሩም በላ ልበልሃ በተሰኘው፣ ግጥምና ቅኔ በሞላበት የቃል ምልልስ፣ ማርና በቅሎ እየተወራረዱ ይካሄዳል። መናገር የማይሆንለት ሰው ነገረ ፈጅ፣ ማለትም ስለ እሱ ሆኖ የሚሟገት፣ ያቆማል። ነገረ ፈጅ ሙያውን የሚቀስመው ችሎት እየዋለ በመስማት ስለሆነ፣ የሚፈራውም የማስታወስ ችሎታው እንዳይከዳው ነበር።

በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው ነጋሪት ጋዜጣ ስሙን የወረሰው አዋጅ ሲነገር ይጎሰም ከነበረው ከበሮ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ ሕጉ በጆሮ ሳይሆን በዓይን የሚፈለግ ሆነ። የ1949 የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግና የ1958 የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ሲከተሉ ክስም መልስም በጽሑፍ መቅረቡ የሙያው መደበኛ ሥራ ሆነ፤ ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊም ከዚህ ገበያ እንጀራውን አገኘ።

የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲነሣ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም አብሮ ይነሣል። ከ200 በላይ የሆኑት የፊደል ቅርጾች በአንድ ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ስለማይበቁ፣ መሠረቱን ፊደል መትቶ እግሩን ወይም ቅጥያውን በሌላ ምት መጨመር ግድ ነበር፤ ውጤቱ ለዓይን የሚያምር አልነበረም፣ ሆኖም ይነበባል። በወረቀቶቹ መካከል ካርቦን እየተደረገ አንዱ ለፍርድ ቤት፣ አንዱ ለተከሳሽ፣ አንዱ ለጠበቃው ፋይል በአንድ ጊዜ ይመታል። አንድ ስሕተት በሦስቱም ላይ ይታረማል፤ ከሥር ያለው ቅጂ ደግሞ ደብዛዛ ነው፤ ከዓመታት በኋላም ለይግባኝ የሚፈለገው ያ ደብዛዛው ሆኖ ይገኛል። መሣሪያው በተለወጠ ቁጥር የሚጠፋው ነገርም አብሮ እንደሚለወጥ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ምሳሌ የለም።

ኮምፒውተር ሲገባ እንደ ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ተስፋፉ፤ ነገር ግን በአንዱ የተጻፈ ማመልከቻ ያው ፎንት በሌለበት ማሽን ሲከፈት በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ድብልቅልቅ ይታያል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ መመዝገቡ መፍትሔውን ቢያስገኝም፣ በፊት የተጻፉት ፋይሎች እንደነበሩ ቀሩ።

የ454/1997 አዋጅ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጓሜ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን እንዲያስገድድ ስላደረገ፣ ጠበቃ ከሕጉ ቁጥር ባሻገር በየቅጹ የታተሙትን ውሳኔዎች ማሰስ ይጠበቅበታል። ለአዲስ ጠበቃ የዘመኑ ወጥመድ ያለው እዚህ ነው። ፎቶ ሆኖ የተቀመጠ ገጽ በቃል ፍለጋ አይገኝም፤ ጽሑፉ የሚፈለግ ቢሆን እንኳ «ሠራተኛ» ብሎ የፈለገ «ሰራተኛ» ተብሎ የተጻፈውን ውሳኔ ሊያጣ ይችላል፣ «ፍርድ ቤት» ያለም «ፍ/ቤት» የሚለውን ያልፈዋል። ለንባብ ልዩነት የማያመጡት ሀ፣ ሐና ኀ፣ ወይም ጸና ፀ ለማሽኑ የተለያዩ ፊደላት ናቸው፤ ስለዚህም ጥንቁቅ ጠበቃ አንዱን ቃል በየአጻጻፉ እየቀያየረ ደጋግሞ ይፈልጋል።