ስስ ሹራብ

ስስ ሹራብ ለሞቃት አየር እንዲስማማ በቀጭን ክር ላላ ተደርጎ የሚሠራ ልብስ ነው። በአማርኛ «ሹራብ» ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ለብርድ የሚለበሰው ወፍራም ልብስ ቢሆንም፣ ስሙ አሠራሩንም ይጠቁማል፤ ይኸውም በሁለት መርፌዎች አንዱን የክር ቀለበት በሌላው ውስጥ እያሳለፉ መሥራት ነው። ሸማ ድርና ማጉ ተሻግሮ ስለሚሸመን፣ ዳንቴልም በአንድ ኪሮሽ ስለሚሠራ ከዚህ ይለያሉ። ካናቴራ ግን፣ ብዙ ሰው ባያስተውለውም፣ በማሽን የተሠራ የጥጥ ሹራብ ነው፤ ጨርቁን ቀረብ አድርጎ ለተመለከተ ቀለበቶቹ ይታያሉ።

ክር

ለሙቀት የሚመረጡት ጥጥ፣ የተልባ እግር እና ሐር ናቸው። የተልባ እግር ከተልባ ግንድ የሚወጣ ቃጫ ነው (በኢትዮጵያ ተልባ በብዛት የሚዘራው ለፍሬው ነው)። ክሩ ሲሠራበት እጅ ይቆረቁራል፣ በታጠበ ቁጥር ግን ይለሰልሳል። አክሪሊክ ርካሽ ቢሆንም ላብ ስለማይመጥ ለዚህ ሥራ አይመከርም። ሱፍ እርጥበት በመያዝ ከጥጥ ይበልጣል፤ የሚያሞቀው በቃጫዎቹ መካከል አየር ስለሚያቁር ነው።

አንዳንድ የጥጥ ክር የሚያብረቀርቀው በካስቲክ ሶዳ ስለሚታከም ነው። የዘዴው መነሻ እንግሊዛዊው ጆን መርሰር በ1850 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ሥራ ነው። እንዲህ የታከመ ክር ይጠነክራል፣ ቀለምም በደንብ ይይዛል።

የመርገብ ችግር

ሱፍ በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ስለሆነ ሲሳብ ተለጥጦ ይመለሳል። ጥጥና የተልባ እግር ይህ ጠባይ የላቸውም፤ ከሱፍም ይከብዳሉ። ስለዚህ ልብሱ በራሱ ክብደት እየተጎተተ ይረዝማል፣ አንገቱም ይሰፋል። ለሳምንታት የተሠራ ልብስ በመጀመሪያው እጥበት ከልክ ውጪ ሊሆን ይችላል።

መከላከያው አስቀድሞ ናሙና መሥራት ነው። ናሙናው ቢያንስ 15 ሳንቲሜትር በ15 ሳንቲሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ መቆጠር ያለበትም ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ነው። ለምሳሌ ሳይታጠብ በ10 ሳንቲሜትር ውስጥ 22 ቀለበት ከተቆጠረ፣ ደረቱ ዙሪያውን 100 ሳንቲሜትር ለሆነ ልብስ 220 ቀለበት ይጀመራል። ናሙናው ሲታጠብ ረግቦ ቁጥሩ 20 ከሆነ ግን ያው 220 ቀለበት 110 ሳንቲሜትር ይሆናል። በናሙናው 2 ቀለበት ብቻ የነበረው ልዩነት በልብሱ ላይ 10 ሳንቲሜትር ሆነ ማለት ነው።

ፊትና ጀርባው ለየብቻ ተሠርቶ ጎኑ ሲሰፋ ስፌቱ ቅርጹን ይይዛል። ያለ ስፌት ዙሪያውን የሚሠራው ፈጥኖ ያልቃል፣ የመርገብ ዕድሉ ግን ከፍ ይላል።

አሠራር

ለቀጭን ክር በተለምዶ ከሚያዘው መርፌ ወፈር ያለ ሲመረጥ ቀለበቶቹ ሰፍተው አየር ያሳልፋሉ። በ3 ሚሊሜትር የሚሠራውን በ4 ሚሊሜትር መሥራት ለውጡን በግልጽ ያሳያል። ከዚህ ካለፈ ልብሱ ገላ ያሳያል።

ቀዳዳ ያለው ጌጥ ሲፈለግ ክሩ በመርፌው ላይ አንዴ ይጠመጠማል። ይህ አንድ ቀለበት ስለሚጨምር በዚያው ረድፍ ሁለት ቀለበቶች አብረው ተሠርተው አንድ ይሆናሉ። ይህ ከተረሳ ጨርቁ በየረድፉ እየሰፋ ይሄዳል።

ያለቀው ልብስ ሲታጠብ አይጠመዘዝም። በፎጣ ተጠቅልሎ ውሃው ይጨመቃል፤ ገመድ ላይ ሳይሰቀል ጠፍጣፋ ነገር ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል።

ታሪክ

እስካሁን ከታወቁት የሹራብ ሥራዎች ቀደምት የሚባሉት በግብፅ የተገኙ የጥጥ ካልሲዎችና ቁርጥራጮች ሲሆኑ፣ ከ11ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን እንደተሠሩ ይገመታል። ሰማያዊና ነጭ ጌጥ ያላቸው አሉ። ከእነርሱ የሚቀድሙት የግብፅ ክርስቲያኖች ካልሲዎች ሹራብ ቢመስሉም የተሠሩት በአንድ ባለ ቀዳዳ መርፌ ነው።