ማሰሪያ አንቀጽ የሌላቸው አርባ አራት ሥዕሎች፦ የንግሥተ ሳባ ታሪክና የአማርኛ መግለጫዎቹ

አማርኛ «ኮሚክ» ለሚባለው ነገር እስካሁን የረጋ ስም አላወጣለትም። አንዳንዱ «ተከታታይ ሥዕል» ይለዋል፣ ሌላው «የሥዕል ታሪክ» ይለዋል፤ ወጣቱ ደግሞ የባዕዱን ቃል እንዳለ ወስዶ ይጠራዋል። ስሙ አለመርጋቱ ነገሩን ትናንት የመጣ እንግዳ ያስመስለዋል። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ የሥጦታ ዕቃ መደብሮች ግድግዳ ላይ፣ በውጭ አገር ቤተ መዘክሮች መሳቢያ ውስጥም፣ ከመቶ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያለው የአማርኛ ተከታታይ ሥዕል ተቀምጧል። በጨርቅ ወይም በብራና ላይ በመስመር በመስመር የተደረደሩ፣ ብዙውን ጊዜ አርባ አራት የሆኑ ሥዕሎች፣ በየሥዕሉ ራስጌ ወይም ግርጌ አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ያለባቸው ናቸው። ታሪኩ የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ነው። የሥዕል ታሪክ ሊቃውንት ስለ ቀለሙና ስለ መልኩ ብዙ ጽፈዋል፤ ስለ ጽሑፉ ግን የተባለው ጥቂት ነው። እዚህ የምመለከተው ያንን ጽሑፍ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ሠዓሊዎቹ ከምን ተነሥተው ምን እንደ ሠሩ ማየት ይገባል። የታሪኩ የጽሑፍ ምንጭ ክብረ ነገሥት ነው። ይህ በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአክሱሙ ንቡረ እድ ይሥሐቅና በባልንጀሮቹ እጅ በግእዝ የተዘጋጀ፣ ከዐረብኛ እንደ ተተረጐመ ስለ ራሱ የሚናገር፣ 117 ምዕራፎች ያሉት መጽሐፍ ነው። የዐረብኛው ፈለግ በውስጡ ይታያል። ንግሥቲቱ የወለደችው ልጅ በመጽሐፉ ውስጥ የሚጠራበት «ባይነ ልሕክም» የሚለው ስም ከዐረብኛው «ኢብን አልሐኪም»፣ ማለትም የጠቢቡ ልጅ፣ የመጣ መሆኑ ለቋንቋ ሰው የተሰወረ አይደለም። የመጽሐፉን ክብደት ለማወቅ የዐፄ ዮሐንስን ነገር ማስታወስ ይበቃል። በ1868 ከመቅደላ ከተወሰዱት መጻሕፍት መካከል አንዱ ክብረ ነገሥት ስለ ነበረ፣ ንጉሠ ነገሥቱ በ1872 ወደ እንግሊዝ ጽፈው እንዲመለስላቸው ጠየቁ፤ ተመለሰላቸውም። ከዚያም በኋላ የ1931ዱና የ1955ቱ ሕገ መንግሥታት የንጉሡን ዘር ከሰሎሞንና ከኢትዮጵያ ንግሥት በተወለደው በቀዳማዊ ምኒልክ በኩል ቈጠሩት። እንግዲህ ሠዓሊዎቹ የነኩት ታሪክ እንደ ተረት የሚነገር ብቻ ሳይሆን የመንግሥት መሠረት የሆነ ታሪክ ነበር።

ታዲያ እንዴት አድርገው ነኩት? እንደ ልባቸው። ሥዕሎቹ በክብረ ነገሥት መጀመሪያ አይጀምሩም። የሚጀምሩት በክብረ ነገሥት ውስጥ በሌለ ነገር፣ በዘንዶው ነው። በአገሩ ላይ ዘንዶ ነግሦ ሕዝቡ ይገብርለታል። አጋቦስ፣ በሌላ ቃል አንጋቦ፣ የተባለ ሰው መርዝ ፈጭቶ ለፍየል ያበላል፤ ፍየሏን ዘንዶው ይውጣል፤ ዘንዶው ይሞታል፤ አጋቦስ ይነግሣል፤ ማክዳ ልጁ ናት። አርዌ የተባለው እባብ በነገሥታት ዝርዝር ውስጥ 400 ዓመት ነገሠ ተብሎ ከሁሉ አስቀድሞ ይገኛል፤ የግእዙን «አርዌ» አማርኛ ተናጋሪው ሠዓሊ «ዘንዶ» አለው። ይህ ቀላል የቃል ለውጥ አይደለም። አርዌ የንጉሥ ስም ነው፤ ዘንዶ ግን ልጆች በእሳት ዳር የሚፈሩት አውሬ ነው። ስሙ ሲለወጥ ዝርዝሩ ውስጥ የነበረው ንጉሥ የተረት አውሬ ሆነ፤ አጋቦስም እንደዚያው ከነገሥታት አንዱ መሆኑ ቀርቶ ጀግና ሆነ።

ሌላው ከቃል ትውፊት የገባው የንግሥቲቱ እግር ነው። ኤኖ ሊትማን በ1904 ባሳተመው የአክሱም ወግ ውስጥ «እትዬ አዜብ» የምትባለው ልጃገረድ ለዘንዶው ልትሰጥ ከዛፍ ጋር ታስራ ሳለ ሰባት ቅዱሳን ያድኗታል፤ የዘንዶው ደም ተረከዟ ላይ ይንጠባጠብና ተረከዟ የአህያ ይሆናል፤ በሰሎሞን ደጅ ስትገባ ይድናል። በእስልምናው ወገን ደግሞ፣ በቁርኣን ሱራ 27፣ ንግሥቲቱ የመስተዋቱን ወለል ውኃ መስሏት እግሯን ስትገልጥ እናያለን፤ የእግሯ መልክ ምን እንደ ነበረ ግን የተነገረው በኋለኞቹ ተራኪዎች ነው። ክብረ ነገሥት ስለዚህ ሁሉ ዝም ይላል። በአገራችን ሠዓሊዎች እጅ ግን እግሩ አለ። ሌላም አለ፦ ከንግሥቲቱ ጋር የሄደችው አገልጋይ። በአክሱሙ ወግና በብዙዎቹ ሥዕሎች ሰሎሞን ከእርሷም ይወልዳል፤ ልጇም የዛጔ አባት ይባላል። ክብረ ነገሥት የተጻፈው ዛጔዎች ከወረዱ ብዙም ሳይቆይ የነገሡት ሰዎች ብቻ የሰሎሞን ወራሾች መሆናቸውን ለማጽናት እንደ ሆነ ካሰብን፣ ሥዕሉ በአንድ አልጋና በአንዲት አገልጋይ ምን ያህል እንደ ተከራከረው እንረዳለን። ዛጔን ከዘሩ አላወጣውም፤ ግን ከአገልጋይቱ አስወለደው። ክብርም ስድብም በአንድ ሥዕል ውስጥ ነው።

የተጣለውም ብዙ ነው። ከክብረ ነገሥት ገጾች ሰፊው ክፍል ትንቢት፣ ምሳሌና ክርክር ነው፤ በሥዕሉ አንዱም የለም። ነጋዴው ታምሪን ከነግመሎቹ ቀረ፤ ግን መጽሐፉ የሚቈጥራቸው 520 ግመሎቹና 73 መርከቦቹ ጥቂት ግመሎች ሆኑ። ንግሥቲቱን የተከተሉት 797 ግመሎችም እንዲሁ። ቅመምና ጨው የበዛበት ግብር፣ በሌሊት የሚያስጠማት ጥማት፣ «በግድ ምንም አልወስድም» የተባባሉት መሐላ፣ በውኃው የፈረሰው መሐላ፣ እነዚህ ግን ሙሉ በሙሉ ተሣሉ፤ እንዲያውም በረዘመ ሁኔታ ተሣሉ። የወጥ ቤቱ ሥራ ብቻ ከአንድ በላይ ሥዕል የሚይዝበት ጨርቅ አለ። ሠዓሊው ታሪኩን ከመውደዱ የተነሣ መጽሐፉ በአንድ አረፍተ ነገር ያለፈውን ያሰፋዋል። ዛሬ ወጣቶች የሚወዱትን መጽሐፍ እንደገና እየሣሉ «ፋን አርት» ሲሉት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ደራሲው ችላ ያለውን ሰው፣ የተዘለለችውን ሌሊት ፈልጎ መሣል። ልዩነቱ የእኛ ሠዓሊዎች የሚሸጡት ለዚያ ታሪክ ወዳጅ ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ ታሪኩን ሰምቶ ለማያውቅ መንገደኛ መሆኑ ነው።

ወደ ጽሑፉ ልመለስ። የግእዝ የብራና ሥዕሎች መግለጫ የታወቀ መልክ አለው። ወይ «ሥዕለ እገሌ» ይላል፣ ወይ «ዘከመ» ብሎ በኀላፊ አንቀጽ ይቀጥላል፦ ዘከመ ተጠምቀ፣ ዘከመ ተሰቅለ። «እንዴት እንደ ተጠመቀ፣ እንዴት እንደ ተሰቀለ» ማለት ነው። ነገሩ ተፈጽሟል፤ ሥዕሉ ምስክር ነው። አማርኛው ይህን በቀጥታ በ«እንደ» ሊተረጕመው ይችል ነበር፤ አልፎ አልፎም ይተረጕመዋል። በሕዝባዊው ሥዕል ውስጥ የሠለጠነው ግን ሌላ አገባብ ነው፦ «ስ» የተባለውን ባዕድ መነሻ በትንቢት አንቀጽ ላይ መጨመር። አጋቦስ መርዝ ሲፈጭ፤ ፍየሏን ለዘንዶው ሲሰጥ፤ ንግሥቲቱ ውኃ ስትጠጣ፤ በዚህ አምሳል ይሄዳል። ኀላፊው ቀርቶ በመሆን ላይ ያለው ገባ። ፍየሏ ገና እየተሰጠች ነው።

በአማርኛ ሰዋስው ሥርዐት ይህ አንቀጽ ብቻውን አይቆምም፤ ማሰሪያ አንቀጽ ይፈልጋል። «ንግሥቲቱ ውኃ ስትጠጣ» ብሎ ዝም ያለ ሰው «እና ምን ሆነ?» ተብሎ ይጠየቃል። በሥዕሉ ላይ ግን ማንም አይጠይቅም። ምክንያቱ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ማሰሪያውን ሥዕሉ ስለሚተካ ነው። አንባቢው ዓረፍተ ነገሩ የተንጠለጠለበት ቦታ ላይ ደርሶ ዓይኑን ወደ ሥዕሉ ያነሣል፤ እዚያ ሰሎሞን እጁን ዘርግቶ ሲይዛት ያገኛል። ግሡ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ቋንቋ ለዚህ የተመቸ ነው። ግሡ መሐል ላይ የሚቀመጥበት ቋንቋ ተናጋሪ መግለጫውን ሲተረጕም ግድ የሌለበትን ማሰሪያ ጨምሮ «ንግሥቲቱ ውኃ ጠጣች» ይላል፤ ትርጕሙ አይሳሳትም፣ ነገር ግን ሥዕሉ ትርፍ ይሆናል።

ሌላም ጥያቄ አለ። የአማርኛ ትረካ የታወቀ መሣሪያው ቦዝ አንቀጽ ነው፦ ተነሥቶ፣ ሄዶ፣ ገብቶ፣ አይቶ ተመለሰ። ተከታታይ ሥዕል የትረካ ዘመድ ከሆነ፣ ከሥዕል ወደ ሥዕል በቦዝ መሻገር ይቻል ነበር። ሠዓሊዎቹ ለምን አላደረጉትም? ቦዝ የሚቀጥለውን ይጠብቃል፤ አንድ መግለጫ በቦዝ ቢያልቅ የሚቀጥለውን ሥዕል ካላነበቡ አይገባም። «ስ» ግን ከሥዕሉ ጋር ብቻ ይታሰራል። ስለዚህ ጨርቁን ከየትም ጀምሮ ማንበብ ይቻላል፤ ሠዓሊውም ደንበኛው ትንሽ ጨርቅ ቢፈልግ አሥር ሥዕል ቀንሶ፣ ቢፈልግ አንዱን ብቻ አሳድጎ ሊሸጥ ይችላል። ሰዋስው ለገበያ እንዲህ ሲታዘዝ ማየት ደስ ይላል። ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው የፊደላችን አነባበብ የመስመሮቹን አካሄድ ወሰነ፤ በመስመሩ ውስጥ ያለውን ነጻነት ግን የሰጠው «ስ» ነው።

ስለ አክብሮትም አንድ ነገር። በዘመናቸው የነገሡ ነገሥታት በአማርኛ «መጡ፣ ሄዱ» ተብለው ይነገራሉ። ሰሎሞንና ማክዳ ግን በነጠላ ናቸው፦ ሲቀበላት፣ ስትሄድ። ይህ ድፍረት አይደለም፤ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም ዳዊትንና ሰሎሞንን በነጠላ ነው የሚጠራቸው። ከነገሥታቱ ቋንቋ ይልቅ የመጽሐፉ ቋንቋ በሠዓሊው ጆሮ መኖሩን ያሳያል፤ ይህም አያስደንቅም፣ ከቀደምት ሕዝባዊ ሠዓሊዎች ብዙዎቹ፣ ከታወቁትም ቀኝጌታ ጀምበሬ ኃይሉ፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፉ ናቸውና። ስሟን በተመለከተ ግን አንድነት የለም። «ንግሥተ አዜብ» የወንጌሉ ነው፤ «ንግሥተ ሳባ» የመጽሐፈ ነገሥት፤ «ማክዳ» የክብረ ነገሥት። በአንድ ጨርቅ ላይ ሁለት ስም ሲገኝ ስሕተት ነው ከማለት በፊት ሠዓሊው በዚያ ሥዕል ላይ የትኛውን ምንጭ እንደ ሰማ መጠየቅ ይሻላል። ልጁም ባይነ ልሕክም አይባልም። ሕዝቡ የሚያውቀው ምኒልክን ነው፤ ሠዓሊውም የሕዝቡን ስም ጻፈ።

ማርሴል ግሪዮል በ1930 በፓሪሱ «ዶክዩማን» መጽሔት ይህን ባለ ሥዕል ታሪክ ለአውሮፓ አንባቢ አቅርቧል። ስታኒስላው ሆይናትስኪ፣ በኋላም ግርማ ፍሥሓና ዋልተር ራውኒግ፣ ሕዝባዊውን ሥዕል በቁም ነገር አጥንተዋል። ከእነርሱ ወዲህ ብዙ ሥዕሎች ታትመዋል፤ ሲታተሙ ግን ፎቶግራፉ ከማነሱ የተነሣ ፊደሉ አይነበብም፣ ከሥሩም የሚሰጠው በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ፍሬ ነገሩ ነው። ሰ የት ገባች፣ ሠ የት ገባች፣ «ንግስት» ነው ወይስ «ንግሥት»፣ «ሰለሞን» ነው ወይስ «ሰሎሞን»፣ ዘንዶው በምን ግሥ ሞተ፣ ይህ ሁሉ አይታወቅም። ከማተሚያ ቤትና ከአራሚ እጅ ውጭ የተጻፈ አማርኛ ለማግኘት የምንደክም ሰዎች ይህን ማለፋችን ይገርመኛል።

አሁን ደግሞ ሌላ መልክ መጥቷል። በ2018 ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን ባለ ልዕለ ኀይል ጀግና መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲያወጣ፣ የአማርኛ ተከታታይ ሥዕል ቃሉን ከግርጌ አንሥቶ በባለ ታሪኩ አፍ አኖረው። በንግግር አረፋ ውስጥ ሰው በማሰሪያ አንቀጽ ይናገራል፣ ይጠይቃል፣ ይጮኻል፤ «ስ» ሥራ ይፈታል። ማክዳ በጨርቁ ላይ በአርባ አራት ሥዕል አንድ ቃል ሳትናገር ያለፈች ናት። ወጣቶቹ ሠዓሊዎች አንድ ቀን አረፋ ሲያወጡላት በየትኛው አማርኛ እንደምትናገር፣ ሰሎሞንን «አንተ» ትለው ወይስ «እርስዎ»፣ ማየት እፈልጋለሁ።

ጨርቁ ግን እየተለወጠ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባ አንድ መደብር ገብቼ ከተሰቀሉት አንዱን ሳነብ፣ ውኃ የምትጠጣበት መግለጫ ከመንገድ ስትነሣ ከምትታይበት ሥዕል ሥር ተጽፎ አገኘሁት፤ ፊደሎቹም ማንበብ የማይችል እጅ እንደ ቀዳቸው ያስታውቁ ነበር፤ «ሎ» እግሯን አጥታ፣ «ሞ» ከ«ሰ» ጋር ተጣብቃ። ሻጩ ወጣት ታሪኩን በእንግሊዝኛ አንድ ሳያጓድል ያውቀዋል። ስለ ጽሑፉ ስጠይቀው «ጋሼ፣ እሱ ለማሳመሪያ ነው» አለኝ። ገዛሁት። ቤት ወስጄ ስቈጥር ሥዕሎቹ አርባ ናቸው። ያልተሣሉት አራቱ አገልጋይቱና ልጇ ያሉባቸው ናቸው፤ ከመግለጫዎቻቸው አንዱ ግን ከሌላ ሥዕል ሥር ቀርቷል፦ «አገልጋይቱ ስት» ይልና ቦታ አልቆበት ያቆማል።