ከሸክም ወደ ድጋፍ፦ የእንግሊዝኛው «ሳፖርት» የትርጉም ጉዞ

የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዛግብተ ቃላት «ሳፖርት» የተባለውን ግሥ አብዛኛውን ጊዜ «ደገፈ» ብለው ይፈቱታል። ፍቺው ስሕተት የለበትም። ሆኖም የግሡን ጥንተ ነገር ከመሸፈኑም በላይ፣ በታሪኩ ይበልጥ የሚቀርቡትን የአማርኛ ግሦች ከእይታ ያርቃል።

ምንጩ የላቲኑ «ሱፖርታሬ» ነው፤ «ሱብ» ከሥር፣ «ፖርታሬ» መሸከም ማለት ነው። በጥንታዊው ላቲን ቃሉ የሚያገለግለው ለማጓጓዝ ነበር፤ ዩልዮስ ቄሣር ስለ ጋልያ ጦርነት በጻፈው መጽሐፍ የሠራዊቱን ስንቅ ስለ ማድረስ ሲናገር ይጠቀምበታል። በክርስቲያኖች ላቲን ግን ሸክሙ የልብ ሸክም ሆነ፤ በቩልጋታ፣ ኤፌሶን 4፥2 ላይ ምእመናን እርስ በርስ በፍቅር እንዲቻቻሉ የሚመክረው ግሥ ይኸው ነው።

እንግሊዝኛ ቃሉን በ14ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ከፈረንሳይኛ ተቀበለ። በዊክሊፍ ስም የሚታወቀው ትርጉም ከቩልጋታ የተመለሰ በመሆኑ በዚያው ጥቅስ ላይ ላቲኑን ተከትሎ ይህንኑ ግሥ አኖረ። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የንጉሥ ጄምስ ትርጉም ግን በኤፌሶን 4፥2 «ፎርቤር» የሚለውን ነባር ቃል ይዞ፣ «ሳፖርት»ን ደካሞችን መርዳት በሚነገርበት በሐዋርያት ሥራ 20፥35 ላይ ያውለዋል። የመታገሥ ፍቺ ዛሬ በእንግሊዝኛ በግልጽ የቀረው «ኢንሳፖርተብል»፣ ማለትም የማይቻል፣ በሚለው ቅጽል ነው። ፈረንሳይኛ በአንጻሩ መታገሥን እንደ ዋና ፍቺ ጠብቆ፣ የእግር ኳስ ደጋፊን ስም ከእንግሊዝኛ መልሶ ተዋሰ። («ስፖርት» ራሱም ከ«ፖርታሬ» የወጣ ዘመድ መሆኑን በዚሁ መጥቀስ ይገባል።)

አሁን ወደ አማርኛ እንመለስ። «ደገፈ» የሚሥለው ምሰሶን ወይም ግድግዳን ነው፤ ሰው ግድግዳ ይደገፋል፣ ግድግዳው ግን አይሸከመውም። የላቲኑን መንገድ በትክክል የሄደው «ጦረ» ነው። የግእዙ «ጾረ» ተሸከመ፣ ታገሠ ማለት ሲሆን፣ «ጾም» «ጦም» እንደሆነ ሁሉ ጸ ወደ ጠ ተለውጦ በአማርኛ ያረጁ ወላጆችን መቀለብና መንከባከብ ሆነ፤ «ጧሪ ቀባሪ»ም «ጡረታ»ም ከዚሁ ይወጣሉ። ከ«ክህለ» የመጣው «ቻለ» ደግሞ ሁለቱን ፍቺዎች እስከ ዛሬ አጣምሮ ይዟል፦ መከራን ይችላል፣ ወጪን ይችላል፣ ራሱን ይችላል። በእኔ ግምት «ጦረ»ን እና «ቻለ»ን በዚህ ግሥ ሥር የማያሰፍር መዝገበ ቃላት ለተርጓሚ ግማሽ መሣሪያ ብቻ ይሰጣል።

ትግርኛ «ጾረ»ን ከመሸከምና ከመታገሥ ፍቺው ጋር በጸ ጠብቆታል። ለጡረታ ግን «ጥሮታ» ይላል፤ ይህ ጠ ቃሉ ከአማርኛ የተወሰደ መሆኑን ያመለክታል።