የተሸናፊው መቃብር

ፈረንሳይ ውስጥ፣ ኖርማንዲ፣ ላ ካምብ የምትባል መንደር አለች። ከ21 ሺህ በላይ የጀርመን ወታደሮች የተቀበሩት እዚያ ነው። የሰው አገር ሊይዙ መጥተው የቀሩ፣ ለሂትለር ሲዋጉ የሞቱ ናቸው።

ቦታው መጀመሪያ አሜሪካኖችና ጀርመኖች ጎን ለጎን የተቀበሩበት ጊዜያዊ መካነ መቃብር ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ የአሜሪካኖቹ አስከሬን ተነሳ፤ ጀርመኖቹ ቀሩ። በ1919 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የጀርመን የጦር መቃብር ማኅበር በየቦታው የተበተኑትን አሰባስቦ መካነ መቃብሩን በ1961 እ.ኤ.አ. አስመረቀ። ጀግና ያላቸው የለም። ስሙ የታወቀው ሁሉ ግን ተጽፎለታል።

እኛ አገርስ?

በመጋቢት 1933 ዓ.ም. በእንግሊዝ የሚመራው ጦር አዋሽን ተሻግሮ፣ በአዳማ በኩል አልፎ መጋቢት 28 አዲስ አበባ ገባ። ከዚያም ጣሊያንን እያሳደደ በሐይቆቹ መስመር ወደ ሻሸመኔ ወረደ። ግንቦት 11 ከሻሸመኔ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ ቁሊቶ ላይ፣ ሳጅን ናይጀል ሊኪ የጣሊያን ታንክ ላይ ዘሎ ወጥቶ ሲዋጋ ቀረ። አስከሬኑ አልተገኘም። ስሙ ግን ናይሮቢ መታሰቢያ ላይ ተቀርጿል፤ የእንግሊዝ ትልቁ የጀግንነት ኒሻንም ተሰጥቶታል።

የጥቁሮቹ ነገር ሌላ ነው። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ ቢያንስ 116 ሺህ ሰዎች፣ አብዛኞቹ አፍሪካውያን፣ በስማቸው እንዳልታወሱ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። በወቅቱ የነበሩ ሹማምንት «አገሬው የመቃብር ድንጋይ አይገባውም» የሚል ሰበብ ነበራቸው።

ፈረንጅን መውቀስ ቀላል ነው። ቁሊቶ ከመድረሱ አራት ዓመት በፊት፣ በየካቲት 1929፣ የራስ ደስታ ዳምጠው ጦር ቡታጅራ አጠገብ ጎጌቲ ላይ ተመታ። ራስ ደስታ በተገደሉ ጊዜ የሞቱበት ቀን ተመዘገበ። ከኋላቸው ስንቅ ተሸክሞ፣ ጠመንጃ ይዞ የተከተለው ገበሬስ? የማን ልጅ ነበር? የት ወደቀ?

የላ ካምብ ሙታን ስማቸው የተረፈው ስላሸነፉ አይደለም፤ መዝገብ የያዘላቸው ስለነበረ ነው። መዝገብ መያዝ ደግሞ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ እድር የሌለው ሰፈር የለም፤ የአባሉን ስም ይጽፋል፣ የሞተውን ይቀብራል። አያቱ ከጦር ሜዳ ያልተመለሰበትን ቤተሰብ ጠይቆ አንድ ገጽ መጨመር አያቅተውም። የሚያስታውሱት አዛውንቶች ሳያልቁ ግን መጀመር አለበት።