ሥልጣኑ የማን ነው? የኢየሩሳሌም ወይስ የአሽዶድ?



በአሽዶድ ኑሮ ስትጀምሩ አንዱ ቢሮ የመንግሥት፣ ሌላው የኢሪያ፣ ማለትም የማዘጋጃ ቤት ሆኖ ታገኙታላችሁ። የሁለቱን ሥልጣን ካልለያችሁ ከደጅ ወደ ደጅ ስትመላለሱ የመብታችሁ ጊዜ ሊያልፍ ይችላል።

በኢትዮጵያ በ1995 (በ1987 ዓ.ም.) ሥራ ላይ በዋለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 መሠረት፣ ለፌዴራሉ መንግሥት ለብቻው ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠ ሥልጣን የክልሎች ነው። እስራኤል ግን ፌዴራላዊ አገር አይደለችም። እዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኢሪያ ሊሠራ የሚችለው ሕግ የፈቀደለትን ብቻ ነው። የዚህም ሥር እንግሊዞች አገሪቱን ሲገዙ በ1934 ያወጡት የማዘጋጃ ቤቶች ድንጋጌ ነው።

የአሽዶድ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ከተማዋ በ1956 ስትቆረቆር ከመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች መካከል ከሞሮኮ የመጡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ እነርሱም እንደ እናንተ አዲስ ገቢዎች ነበሩ። በ1959 የአካባቢ ምክር ቤት ሲቋቋም የመጀመሪያውን መሪ፣ ዶቭ ጉርን፣ የሾመው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ነበር። በ1968 አሽዶድ የከተማ ማዕረግ አገኘች። ከ1978 ምርጫ ወዲህ ደግሞ በአገሪቱ ከተሞች ሁሉ ነዋሪው ከንቲባውን በቀጥታ ይመርጣል። ሹመቱ ከሚኒስቴሩ ወደ ነዋሪው ወርዷል፤ የበላይ ቁጥጥሩ ግን አሁንም የሚኒስቴሩ ነው።

ይህ ለእናንተ ምን ይጠቅማል? አርኖናን፣ ማለትም የቤቱን የከተማ ግብር፣ ተመልከቱ። በ1993 የወጣው የመንግሥት ደንብ ለአዲስ ገቢ እስከ 90 በመቶ ቅናሽ እንዲደረግ ይፈቅዳል። ጣራውን ያበጀው መንግሥት ነው፤ ከጣራው በታች ምን ያህል እንደሚቀነስ የሚወስነው የከተማው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ የምትጠይቁት ኢሪያን ነው። ቅናሹም የጊዜ ገደብ ስላለው አትዘግዩ።

ትምህርት ቤትም እንዲሁ ነው። የአንደኛ ደረጃ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን የትምህርት ሚኒስቴር ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ሕንፃውን የሚጠብቀው ኢሪያ ነው። ጣሪያው ቢያፈስ ለኢሪያ አመልክቱ፤ ስለ መምህሩ ቅሬታ ቢኖራችሁ ግን ከትምህርት ቤቱ ቀጥሎ ያለው በር የሚኒስቴሩ ነው።

በከተማ ምርጫ 17 ዓመት የሞላው የተመዘገበ ነዋሪ ድምፅ ይሰጣል፤ ለክነሴት ግን 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ልጆቻችሁ ከናንተ ጋር ወጥተው ይምረጡ። ጉዳያችሁን ይዛችሁ ስትነሡም በሩ የማን እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።