ፋሲል ግቢን በጥምቀት ሰሞን ለምታዩ

ስሙኝማ ወዳጆቼ። ጎንደር ደርሶ፣ ግቢውን አይቶ የተመለሰ ሰው ብዙ ነው፤ ምን አየህ ስትሉት ግን የሚነግራችሁ ስለ አንድ ግንብ ነው። በሩን አልፎ ይገባል፤ የዐፄ ፋሲል ግንብ ፊት ይቆማል፤ ፎቶ ይነሣል፤ ሕዝቡ እየገፋ ያስገባዋል፣ ሕዝቡ እየገፋ ያስወጣዋል። የቀረውን በሩቁ ቃኘት አድርጎ ወደ ምሳው ይሄዳል። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። አባት ለልጅ፣ ወንድም ለወንድም እየተወው፣ ነጋሹ ሁሉ የራሱን ግንብ እየጨመረ ከመቶ ዓመት በላይ ያቆመው ግቢ በአንድ ፎቶ ሲያልቅ እንዴት አያንገበግብ? ስለዚህ ዛሬ ከሥሩ ላጫውታችሁ፤ መንገዱንም እግረ መንገዴን አሳያችኋለሁ። የምጠራላችሁ ዘመን፣ የኛ ነው ካላልኳችሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው አገሩ በጦርነት ሲታመስ፣ በ1632 መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲል አስረከቡ። ያን ጊዜ የነገሥታቱ ኑሮ ባብዛኛው በድንኳን ነበር፤ ሠራዊቱ፣ ካህኑ፣ ነጋዴው ሁሉ ንጉሡን ተከትሎ ይጓዛል፤ ክረምት ሲገባ ይሰፍራል፤ ክረምት ሲወጣ ድንኳኑን ይነቅላል። ዐፄ ፋሲል ይህን ኑሮ በቃኝ አሉ። ጎንደሬዎች ሲያወሩት፣ ንጉሡ አደን ወጥተው አንድ ጎሽ ሲከተሉ፣ ጎሹ እየመራ ከአንድ ኩሬ ዳር አደረሳቸው፤ ከተማህን ከዚህ ሥራ የሚል ቃልም በዚያ መጣላቸው። ወሬው የአገሬው ነው። ታሪኩ ደግሞ በ1636 በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ከተማይቱ ተቆረቆረች ይላል። ግቢውን የሚከበው አጥር 900 ሜትር ያህል ነው፤ 12 በሮች አሉት፤ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

እንግዲህ ለጥምቀት የምትሄዱ ከሆነ፣ ጥር 10 ቀን ደርሳችሁ ግቢውን አያለሁ አትበሉ። ያን ቀን ከተማው የታቦታት ነው፤ መንገዱም ሰዉም ወደ ባሕረ ጥምቀቱ፣ ወደ ፋሲል መዋኛ ነው። ጥር 7 ወይም 8 ግቡ። አልጋ ከወራት በፊት ያዙ፤ በዓሉ ሲቃረብ አንድም ይጠፋል፣ አንድም ዋጋው አይቀመስም። በመኪና የምትመጡም የመንገዱን ሁኔታ ከመነሣታችሁ በፊት እዚያው ላሉ ሰዎች ደውላችሁ ጠይቁ።

ግቢውን ለማየት ጠዋት በሩ ሲከፈት እዚያ ተገኙ። ያልቻለ ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም ይምጣ፤ ያን ጊዜ በቡድን የመጣው ጎብኚ ወጥቷል፤ ፀሐይዋም ድንጋዩን ከጎን ስለምትመታው የግንበኛው እጅ ጎልቶ ይታያል። መክፈቻና መዝጊያ ሰዓቱን ከዋዜማው አረጋግጡ፤ ለምሳ ይዘጋ እንደሆነም ጠይቁ። ቲኬት ስትቆርጡ ደግሞ፣ የፋሲልን መዋኛ ይጨምራል ወይ በሉ፤ ከጨመረ ወረቀቱን እንዳትጥሉት። አስጎብኚ ያዙ፤ መታወቂያ ያለውን፣ ዋጋውንም ከመግባታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ቸኩሎ ዘመን ብቻ የሚደረድርላችሁን፣ ቀስ በል፣ የበሮቹን ስም ንገረን በሉት። ፊት በር፣ ወንበር በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ እንኮዬ በር እያለ ሲጠራላችሁ፣ ዳኛው በየት፣ ነፊው በየት፣ ፈረሰኛው በየት ይገባ እንደነበር በዓይነ ሕሊናችሁ ይመጣል። እንኮዬ የእቴጌ ምንትዋብ እናት ናቸው።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። የግቢው ግንቦች ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲሄዱ፣ ዘመኑም አብሮ ይሄዳል። ማልዳችሁ ከገባችሁ በደቡብ ካሉት ከዐፄ ፋሲል ጀምሩ። ሰዉ ከቀደማችሁ ግን ወረፋው ላይ ቆማችሁ አትቃጠሉ፤ አልፋችሁ ወደ ሰሜኑ ጫፍ ሂዱ፤ ከምንትዋብ ጀምራችሁ ወደ ፋሲል ተመለሱ። ታሪኩ ከልጅ ልጅ ወደ ቅድመ አያት ይነገራል እንጂ ምንም አይጎድልበትም።

እኔ ከደቡቡ ልጀምርላችሁ። የዐፄ ፋሲል ግንብ ከሁሉም ይረዝማል፤ በአራቱ ማዕዘን ክብ ማማ፣ በማማው ላይ ጉልላት አለው። ምድር ቤቱ የግብርና የእንግዳ መቀበያ ነበር። ከላይ የንጉሡ የጸሎት ክፍል አለ፤ መስኮቶቹ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ያያሉ። ደረጃው ገደላማ ነውና አረጋውያንን አታስጨንቁ፤ እነሱ ከጥላው ሥር አረፍ ይበሉ፣ ወጣቱ ይውጣ። ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን። በቅርብ ዓመታት ለግቢው ሰፊ ጥገና ስለተደረገለት፣ የትኛው ክፍል ለጎብኚ ክፍት እንደሆነ እዚያው ጠይቁ። ግድግዳውን ግን ማንም አይደገፈው፣ ስሙንም አይጫርበት። ይህን የምለው ከልቤ ነው። ያንን ድንጋይ ከጠረቡት፣ ኖራውን ካቦኩት መካከል የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጺዎች እንደነበሩበት የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል። ዛሬ ከእስራኤል አያቶቹን ፍለጋ ጎንደር የሚመጣ ወጣት አለ፤ አስጎብኚው ይህን ሳይነግረው ካለፈ፣ እናንተ ንገሩት።

ከዚያ የልጃቸው የቀዳማዊ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍትና ጽሕፈት ቤት አለ፤ ጎብኚ ቶሎ የሚያልፈው ነው። የዮሐንስ ልጅ ታላቁ ኢያሱ ከ1682 እስከ 1706 ነገሡ። የእርሳቸው ግንብ በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ያጌጠ ነበር ይባላል። ዛሬ ስታዩት ጣሪያ የለውም። በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ በ1941 ደግሞ ጣሊያን ጎንደርን የመጨረሻ ምሽጉ አድርጓት ሳለ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ሲደበድቡ እንደገና ተመታ። ሰው ጣሪያ የሌለውን ቤት ፈራርሷል ብሎ ይዘለዋል። እኔ ግን እዚህ ቁሙ እላለሁ፤ ፋሲል ግንብ ውስጥ ተጋፍታችሁ ያላያችሁትን፣ ግድግዳው እንዴት እንደተደረበ፣ ቅስቱ እንዴት እንደተያዘ፣ እዚህ በግልጽ ታያላችሁ።

ወደ ሰሜን ስትቀጥሉ የኢያሱ ልጅ የሣልሳዊ ዳዊት የዜማ አዳራሽ ይመጣል። ዳዊት ዘፈን ወዳድ ነበሩ፤ በ1721 ተመርዘው ሞቱ። ወንድማቸው በካፋ ነገሡ፤ የእርሳቸው ረጅም የግብር አዳራሽ ከዚያ ቀጥሎ ነው። መጨረሻው የባለቤታቸው የእቴጌ ምንትዋብ ግንብ ነው፤ በካፋ በ1730 ሲያርፉ ለሕፃኑ ለዳግማዊ ኢያሱ መንግሥቱን የያዙት እኚህ ሴት ናቸው። ብዙው ሰው እዚህ ሳይደርስ ስለሚመለስ፣ በበዓል ሰሞን እንኳ ፋታ የምታገኙበት ይህ ጥግ ነው። የያዛችሁትን ውኃ እዚህ ጠጡ፤ ልጆቹን እዚህ አሳርፉ።

አንድ ነገር ልጨምር። በጥምቀት ሰሞን ኔትዎርኩ ይጨናነቃል፤ ደውዬ አገኝሃለሁ ያለ ሁሉ ይጠፋፋል። ከመግባታችሁ በፊት መገናኛ ቦታና ሰዓት ቁረጡ። ከተማው ሁሉ ጃን ተከል ዋርካው ሥር እንገናኝ ስለሚባባል፣ እዚያ ሰው መፈለግ ድካም ነው። ግቢው ውስጥ አንበሳ ቤቱን ምረጡ። ለልጆቻችሁ ደግሞ ስልክ ቁጥራችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ኪሳቸው ውስጥ ክተቱላቸው።

ጥር 10 ከተራ ነው። ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወጥተው፣ በሆታና በእልልታ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ይወርዳሉ። ከግቢው ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነውና በእግር ሂዱ፤ ባጃጅ ፍለጋ አትንከራተቱ። መዋኛው ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ይቆይና ለበዓሉ የቀሃ ውኃ ይለቀቅበታል። የዛፎቹ ሥር አጥሩን ጠምጥሞ የያዘበት ያ ቦታ ሌሊቱን በጸሎትና በዝማሬ ያድራል። የምታድሩ ጋቢ ያዙ፤ የጎንደር የጥር ሌሊት ይበርዳል። የማታድሩ ገና ሳይነጋ ድረሱ።

እዚህ ላይ ግን ስሙኝ። በእኛ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በዚያው ቦታ የእንጨት መቀመጫ መደብ ተደርምሶ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎችም ቆስለዋል። በዓል ሊያከብሩ የወጡ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ከፍ ብዬ ልይ ብላችሁ የተጨናነቀ ርብራብ ላይ አትውጡ። መሬት ላይ፣ መውጫው በሚታያችሁ በኩል ቁሙ፤ ትንሽ ራቅ ማለት ምንም አያስቀርባችሁም፤ ዜማው ይደርሳችኋል፤ ጠበሉም ይረጫል። ውኃው ተባርኮ ጎረምሶቹ ሲዘሉ ሕዝቡ ወደ ዳር ይተምማል፤ ያን ጊዜ ልጅ የያዘ ሰው ወደ ኋላ ይበል። ካሜራ ያላችሁም ካህናቱ ሲያልፉ መንገድ ልቀቁ፤ የሚጸልይ ሰው ፊት አትደቅኑ። የመጣችሁት ሰው ከሚሳለምበት፣ ከሚሳልበት ዘንድ ነው።

ጥር 11 ታቦታቱ ወደየደብራቸው ይገባሉ፤ የቅዱስ ሚካኤል ታቦት ግን የሚገባው በማግስቱ፣ በቃና ዘገሊላ ነው። ብዙ እንግዳ ጥር 12 ይነሣል፤ አውሮፕላን ማረፊያውም መናኸሪያውም ያን ቀን ይጠባል። የመመለሻ ቲኬታችሁን ጥር 14 ቁረጡ። በትርፉ ቀን ደብረ ብርሃን ሥላሴን እዩ፤ በ1888 ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል የተረፈች ናት፤ ጣሪያዋ የመላእክት ፊት ነው። ከዚያ ወደ ቁስቋም ውጡ። እቴጌ ምንትዋብ በግቢው ውስጥ ያለው ግንባቸው አልበቃ ብሏቸው፣ ከተራራው ሥር ቤተ መንግሥትና ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት እዚያ ነው። የእርሳቸው፣ የልጃቸው የዳግማዊ ኢያሱና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ አጽም በዚያው አለ። ካህኑን በአክብሮት ጠይቁ፤ ለቤተ ክርስቲያኑም የአቅማችሁን ስጡ።