ተሸክማ የምትሰደብ፦ የአህያ ታሪክ በእኛና በኬንያ

ትምህርት ያልገባው ልጅ በክፍል ውስጥ ምን ተብሎ እንደሚሰደብ ሁላችንም እናውቃለን። «አህያ!» ይባላል። እዚህ ኢምባካሲ አብረውን የሚኖሩት ኬንያውያንም «ፑንዳ» ይላሉ። ቋንቋው ይለያይ እንጂ ስድቡ አንድ ነው። የስዋሂሊ ተረት «የአህያ ምስጋናዋ እርግጫ ነው» ሲል የእኛው ደግሞ «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይላል። እስቲ በዛሬው የታሪክ ዓምዳችን ይህች እንስሳ ምን እንደሠራችልንና እኛ ምን እንደመለስንላት እንመልከት። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከእኛው አካባቢ ነው። በ2022 የታተመ የዘር ምርመራ ጥናት አህያ ለማዳ የሆነችው ከ7 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ መሆኑን አመልክቷል። የዱር ዘመዷ ዛሬም በአፋርና በኤርትራ በረሃ ጥቂት ቀርቷል፤ እሱም ሊጠፋ ተቃርቧል። በግብፅ አቢዶስ በተባለ ቦታ ደግሞ፣ ከ5 ሺህ ዓመት በፊት በነበረ ንጉሥ መቃብር አጠገብ፣ የ10 አህዮች አፅም ተገኝቷል። በክብር ነው የተቀበሩት። አጥንታቸው ሲመረመር ግን ሸክም እንደጎዳቸው ታየ። ያኔ ክብሩም ሸክሙም ነበር። በኋላ ክብሩ ቀረና ሸክሙ ብቻ ተረፈ።

ወደ አገራችን እንምጣ። ኢትዮጵያ በአህያ ብዛት ከዓለም አንደኛ ናት። የገበሬው እህል ገበያ የሚወጣው፣ ማገዶና ውሃ ቤት የሚገባው በአብዛኛው በአህያ ጀርባ ነው። በመርካቶ እህል በረንዳም ስንት ዘመን አመላልሳለች። ከ1888 እስከ 1892 በነበረው ክፉ ቀን «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ በሬውን ሲፈጀው፣ አህያ ግን ሰኮናዋ ያልተሰነጠቀ ስለሆነ በሽታው አልያዛትም። በሬ ያጣ አገር ሸክሙን የሚያደርስለት ሌላ ማን ነበረው?

ታዲያ ለምን ትሰደባለች? አንዱ ምክንያት ጠባይዋን አለማወቃችን ነው። ፈረስ ሲደነግጥ ይሮጣል። አህያ ስትደነግጥ ግን ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ አደጋውን እያየች ነው። እኛ ይህን ደንቆሮነትና እልኸኝነት ነው ብለን ዱላ እናነሳለን። ሕመሟንም ስለማታሳይ ምንም የማይሰማት ይመስለናል። የበለዓም ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስ (ዘኍልቍ 22) የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ አህያይቱ የቆመችው መልአኩን አይታ ሳለ፣ ጌታዋ ምንም ሳያይ ሦስት ጊዜ ደበደባት። በእስልምናም ነቢዩ ሙሐመድ ፊቷ ላይ በእሳት የተተኮሰች አህያ አይተው ድርጊቱን እንዳወገዙ በሐዲስ ተጽፏል። ስለዚህ ሃይማኖታችን ፈቅዶልናል የምንልበት መንገድ የለም።

ንቀት በስድብ ብቻ አያበቃም። ቻይና ውስጥ የአህያ ቆዳ ተቀቅሎ ኤጂያኦ የሚባል የባህል መድኃኒት ይሠራል። በ1992 በቻይና 11 ሚሊዮን ገደማ አህዮች ነበሩ፤ ቁጥራቸው እጅግ ሲያሽቆለቁል ነጋዴው ፊቱን ወደ አፍሪካ አዞረ። ኬንያ በ2012 አህያን ለቄራ ከተፈቀዱ እንስሳት መካከል በሕግ አስገባች፤ ከ2016 ጀምሮም በተለያዩ ቦታዎች አራት ቄራዎች ተከፈቱ። ከሚያዝያ 2016 እስከ ታኅሣሥ 2018 ባለው ጊዜ ብቻ ከ300 ሺህ በላይ አህዮች ታረዱ። ይህ ከአገሪቱ አህዮች ከመቶ 15 ያህሉ ማለት ነው። የሚታረደው ከሚወለደው በለጠ። ሌቦችም አህያ በሌሊት እየነዱ ይሸጡ ጀመር። አህያዋ የተሰረቀባት ሴት ጀሪካኑን በገዛ ጀርባዋ ከመሸከም ሌላ ምን አማራጭ አላት? ከብዙ አቤቱታ በኋላ መንግሥት በየካቲት 2020 ቄራዎቹ እንዲዘጉ አዘዘ፤ በ2021 ግን ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረው። በመጨረሻ በየካቲት 2024 የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ተሰብስበው አህያን ለቆዳዋ ማረድ በአህጉሩ እንዲቆም ወሰኑ።

በእኛም አገር ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተ የአህያ ቄራ በ2017 ሕዝቡ ስለተቃወመው ተዘግቷል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ብዙዎች የተቃወሙት አዝነውላት ሳይሆን ሥጋዋን ስለሚጸየፉ ነው። መጸየፍ ከቢላዋ ሊያድናት ይችላል፤ ከዱላ ግን አያድናትም።

ይህ ሁሉ እኛን ስደተኞችን ምን ያገባናል? እንደሚታወቀው ኢምባካሲ ውስጥ ቧንቧው ሲደርቅ በየሠፈሩ ውሃ የሚያደርሰው የአህያ ጋሪ ነው። አንድ ባለ20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። 20 ጀሪካን ያለበት ጋሪ፣ ጋሪውንና ነጂውን ሳንቆጥር፣ 400 ኪሎ ሆነ ማለት ነው። «ቶሎ በል፣ ሁለት ጨምር» የምንለው እኛው ገዢዎቹ ነን። በኬንያ ሕግ፣ ምዕራፍ 360 በሚባለው፣ እንስሳን በጭካኔ መደብደብም ሆነ ከአቅሟ በላይ መጫን ያስቀጣል። ነጂውም ድሃ ነው፣ የዕለት እንጀራው ነው። ቢሆንም ጋሪው ቆሞ እስኪራገፍ ለአህያይቱ ጥላና አንድ ባልዲ ውሃ መስጠት ማንንም አያከስርም።

ሰውን ከእንስሳ ጋር ማወዳደራችን አይደለም። ነገር ግን በስም ብቻ መናቅ፣ «ሸክም» ተብሎ መቆጠር ምን እንደሚመስል ከማንም በላይ እናውቃለን። መጀመሪያ ስም ይወጣል፣ ከዚያ ዱላው ይቀላል። ይህንን በራሳችን ላይ ያየን ሰዎች በሌላ ፍጡር ላይ ስናደርገው ዝም ብለን ማለፍ የለብንም።

መምህራን ሆይ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተማሪዎቻችሁን ይህን ጠይቁልን፦ አህያ ለአንድ ሳምንት ሥራ ብታቆም በቤታችሁ ምን ይጎድላል? መልሱ ሲዘረዘር «አህያ» የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ ይቀጥል እንደሆነ አብረን እናያለን።